ሹመት ፈላጊ የማንን ደጅ ይጥና?

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የምስክር ወረቀቱን በእጁ የያዘ ወጣት ከዘመድ ከወዳጅ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። ጥያቄውም «ምን ተማርህ?» ወይም «ምን መሥራት ትችላለህ?» የሚል አይደለም፤ «ሰው አለህ ወይ?» የሚል ነው። መቼም ሰው የሌለው ሰው በዓለም ላይ አይገኝም፤ እናት አባት፣ ወንድም እኅት፣ ጎረቤትም ሁሉ ሰው ነው። ነገር ግን ጠያቂው «ሰው» ሲል ሌላ ማለቱ ነው። ቢሮ ያለው፣ ስልክ ሲደውል የሚነሣለት፣ «እስቲ ይህን ልጅ እይልኝ» ብሎ በአንዲት ቃል በር የሚያስከፍት ሰው ማለቱ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህችን ጥያቄ መነሻ አድርገን፣ የመንግሥት ሹመትና ሥራ በአገራችን ቀድሞ እንዴት ይገኝ እንደነበረ፣ ዛሬ በሕግ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ፈላጊውም በየትኛው መንገድ ቢሄድ ለራሱም ለአገሩም እንደሚበጅ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ራሳችን በዚሁ ጥያቄ ተፈትነናልና፣ ያንንም በቦታው ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ደጅ ጥናት በአባቶቻችን ዘመን

«ደጅ» የሚለው ቃል በቀድሞው የመንግሥት ቋንቋ ውስጥ የነበረውን ስፍራ አንባቢያችን ልብ ይበል። ደጃዝማች የሚለው ታላቅ ማዕርግ እንኳ «ደጅ» እና «አዝማች» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ሹመት የሚሻ፣ ርስት የተወሰደበት፣ ፍርድ የጎደለበት ሁሉ ማልዶ ተነሥቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ ከቤተ መንግሥት ወይም ከመኳንንቱ ደጅ ይቆም ነበር። ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፤ ሲመለሱም እጅ ይነሣል። አጋፋሪውን ይለማመጣል፤ እልፍኝ አስከልካዩን ይወዳጃል። ከአገሩ ይዞት የመጣው ስንቅ ሲያልቅ ከዘመድ ቤት ይጠጋል፤ በቅሎውን የሸጠም ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆጠራሉ።

ዛሬ ቆመን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ኋላ ቀርነት» ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። በዚያ ዘመን የትምህርት ማስረጃ፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚባል ነገር አልነበረም። ንጉሡ ወይም መኰንኑ ሰውን የሚመዝኑት በዓይናቸው ነበር፤ አቋሙን፣ አነጋገሩን፣ ትዕግሥቱን፣ በችግር ጊዜ የሚያሳየውን ጠባይ አይተው ነው። ዓይኑ የተባረከ መሪ ሲገኝም ሚዛኑ መልካም ሰው ያነሣ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የተማረኩ ሰው ነበሩ። ምኒልክ ግን ምርኮኛነታቸውን ሳይሆን አእምሯቸውን ተመለከቱ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት እኒሁ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም በጦርም በፍርድም የታወቁ ሰው ሆነው ኖሩ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሚዛን ጉድለት ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሚዛኑ የአንድ ሰው ዓይን መሆኑ ነው። ያ ዓይን ያላየው፣ ከደጁ የራቀው፣ ለመንገድ የሚሆን በቅሎና ስንቅ የሌለው ሊቅ በጎጆው እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ሁለተኛውና የከፋው ግን ሌላ ነው። ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ለአጋፋሪው፣ ለአማላጁ፣ ለእጅ መንሻው ሀብቱን አፍስሷል፤ ክብሩንም አዋርዷል። ሹመቱን ባገኘ ጊዜ ታዲያ እንደ አደራ ሳይሆን እንደ ዕዳ መመለሻ ያየዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንሰማውም ስለ ሆዳም ሹም የተነገረ ይመስለናል። እኛ ግን ነገሩን ስናሰላስለው ተረቱ የተወለደው ከመብል ጠረጴዛ ሳይሆን ከደጅ ጥናት ነው እንላለን። ሹመቱን በዋጋ የገዛ ሰው ዋጋውን ከሕዝቡ ሊያወጣ መነሣቱ አይቀርምና።

የአንድ ደጅ ጠኚ ጥይት

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ከባሕር ማዶ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአሜሪካ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት አዲስ ፕሬዚዳንት በተመረጠ ቁጥር የመንግሥት ሥራ ለደጋፊዎቹ እንደ ምርኮ ይከፋፈል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ ሥራ ፈላጊው በቤተ መንግሥታቸው ደጅ ይሰለፋል። ከነዚህም አንዱ ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው በምርጫው ጊዜ አንድ ንግግር ጽፌአለሁና ፕሬዚዳንቱ ያሸነፉት በእኔ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ለውለታውም በፓሪስ ቆንስል ሆኖ መሾምን ፈለገ። ዕለት ዕለት ደጅ ጠና፤ ደብዳቤ ጻፈ፤ አልተሳካለትም። በመጨረሻው ሐምሌ 2 ቀን 1881 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በሽጉጥ መታቸው፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት መስከረም 19 ቀን ሞቱ።

ጊቶ አእምሮው የተነካ ሰው ነበር ይባላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ሕዝብ ግን ከእብዱ ሰው በስተጀርባ ያበደ ሥርዓት እንዳለ ተረዳ። በጥር ወር 1883 እ.ኤ.አ. ፔንድልተን የተባለው ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ የተወሰኑ የመንግሥት ሥራዎች በፈተና ብቻ እንዲያዙ ተደነገገ። ሕጉ በመጀመሪያ የነካው ከጠቅላላው ሥራ ጥቂቱን ነበር፤ እያደር ግን ሰፋ። ከዚህ የምንማረው አንድ አገር ከደጅ ጥናት ወደ ፈተና የሚሻገረው በአንድ ቀን አዋጅ ሳይሆን በብዙ ትግል መሆኑን ነው።

ወረቀት ደጁን ሲተካ

ወደ አገራችን እንመለስ። ሚኒስትሮች ከተሾሙ በኋላም የሹመት ምንጭ ቤተ መንግሥቱ እንደ ሆነ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ሕግ በወረቀት ላይ ለሁሉ የሚታይ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር የሚወስን ትእዛዝ ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ባለሥልጣኖችን መሾም፣ ማሳደግ፣ ማዛወርና መሻር የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን መሆኑን አጸና። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ ሲፈቀድላቸው ነገሩ እንደ ትልቅ እርምጃ የተቆጠረውም ስለዚህ ነው።

በሌላ በኩል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የመንግሥት ጸሐፊ፣ መሐንዲስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጠረው በየሚኒስትሩ ፈቃድ ሳይሆን አንድ በሆነ ደንብ፣ በዕውቀቱና በችሎታው ተመዝኖ ይሁን የሚል ነው። ሹመትና ቅጥር የሚባሉት ሁለት ነገሮች በሕግ መለያየት የጀመሩት እዚህ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ዙፋኑ ፈረሰ፤ ደጁ ግን አልተዘጋም። በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት የትልቁ ሥልጣን በር የፓርቲው አባልነት ሆነ። ቀድሞ «የማን ልጅ ነህ?» ይባል የነበረው «የማን አባል ነህ?» በሚል ተለወጠ። የጥያቄው መልክ ተለወጠ እንጂ «ምን ትችላለህ?» የሚለው ያን ጊዜም ቢሆን ፊተኛው ጥያቄ አልሆነም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዛሬ ለምንሠራበት ሥርዓት መሠረቱን ጣለ።

የዛሬው ሦስት በር

በዛሬው ሕግ ወደ መንግሥት ሥራ የሚገባበት በር አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ብዙ ወጣት የሚሳሳተው፣ ብዙ ባለሥልጣንም የሚያሳስተው እነዚህን በሮች ባለመለየት ነውና አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የፖለቲካ ሹመት በር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጡት ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ሚኒስትሮችን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መርጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባሉ፤ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ሹመቱ ይፈጸማል። አምባሳደሮችን የሚሾሙት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። በዚህ በር የሚገባ ሰው በፈተና አይመጣም፤ የሚመጣው መሪው ስለሚያምነው፣ ዓላማውንም ስለሚጋራ ነው። ይህም ነውር አይደለም። ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ሐሳቡን የሚፈጽሙለትን ሰዎች መምረጥ አለበትና። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. የተሾሙት 20 ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ የተደረገው፣ በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች የሚኒስትርነት ወንበር እንዲያገኙ የተደረገው በዚሁ በር ነው። መሪው ሲሻ በሩን ሊያሰፋው እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው የዳኞችና ከፖለቲካ ነጻ ሊሆኑ የሚገባቸው ተቋማት በር ነው። የፌዴራል ዳኞችን የሚመለምለው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ የተመረጡት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ለምክር ቤት ቀርበው ይሾማሉ። ለአንዳንድ ኮሚሽኖች ደግሞ ሕዝብ ራሱ ዕጩ ይጠቁማል። ለአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በተደረገው ጥቆማ 632 ሰዎች ቀርበው ነበር፤ ከነዚህ 42 ተለዩ፤ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. 11 ኮሚሽነሮች በምክር ቤት ተሾሙ። በዚህ በር የሚገባ ሰው ከሹመቱ አስቀድሞ ስሙ በአደባባይ ይጠራል። ስለ እርሱ የሚያውቅ ሁሉ እንዲናገር ዕድል ይሰጣል። የአደባባይ ስም የሌለው ሰው በዚህ በር ለመግባት ያዳግተዋል።

ሦስተኛው፣ ለአብዛኛው አንባቢያችን የሚቀርበውም፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርና ዕድገት በር ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ እንዲወጣ፣ ተወዳዳሪዎች በችሎታ እንዲመዘኑ፣ በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። ውጤታቸው በተቀራረበ ጊዜም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ቅድሚያ ሰጥቷል። ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም የውድድር መሠረት አልተነቀለም። እንዲያውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሥራ ላይ ያሉ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ጭምር ለፈተና ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ የፊተኛውን በር ጠባይ ወስዶ በኋለኛው በር መጠቀም ነው። ሚኒስትር በመተማመን ይሾማል፤ መዝገብ ቤት ሠራተኛም በመተማመን ይቀጠር የተባለ እንደ ሆነ ግን የመንግሥት ሥራ ሁሉ ወደ ቀድሞው ደጅ ይመለሳል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረት በሠርግ ቤት ያምራል፤ በመሥሪያ ቤት ግን አገር ያፈርሳል።

እኛን የገጠመን ነገር

አሁን የራሳችንን እንናገር። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው። በትምህርታችን የሚገባ ስለ ነበር፣ አራት ዓመት በአንድ ክፍል ከተኛነው ጓደኛችን ጋር በአንድ ቀን ሄደን፣ በአንድ ሰልፍ ቆመን ተመዘገብን።

ይህን የሰሙት የእናታችን ታላቅ ወንድም ወዲያው አስጠሩን። «ልጄ፣ ወረቀትህ ጥሩ ነው፤ ግን ወረቀት ብቻውን በር አያንኳኳም» አሉን። በዚያ መሥሪያ ቤት ከእርሳቸው ጋር በአንድ ቀዬ ያደጉ ኃላፊ መኖራቸውን ነገሩን። እሑድ ወደ ማታ ንጹሕ ልብሳችንን ለብሰን ተከትለናቸው ሄድን።

ዘበኛው «ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀን። ገብተን በሳሎን ስንቀመጥ ከእኛ ቀድመው አምስት ሰዎች ተቀምጠው አገኘን። አንዲት እናት የልጃቸውን የምስክር ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ማንም ማንንም አያነጋግርም፤ ሁሉም የመጣበት ጉዳይ አንድ መሆኑን ያውቃልና ይተፋፈራል። ያን ጊዜ የአያቶቻችን ደጅ ከነአጋፋሪው ትዝ አለን። የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነበር።

ኃላፊው ትሑት ሰው ናቸው፤ ሻይ አስቀዱልን። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ወረቀትና ብዕር አቀበሉንና «ስምህንና የምዝገባ ቁጥርህን ጽፈህ ተውልኝ» አሉን። ብዕሩን ተቀበልን። ስማችንን እስከ አያት ጻፍን። ቁጥራችንን ልንጽፍ ስንል ግን ከእኛ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ቁጥር የማን እንደ ሆነ ታወሰን። የጓደኛችን ነው። ጓደኛችን ከእኛ የተሻለ ውጤት ነበረው፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ በመሆኑም በዚህ ከተማ «ልጄ» ብሎ የሚያስጠራው አጎት የለውም። በዚያች ወረቀት ላይ የእኛን ቁጥር መጻፍ የእርሱን ቁጥር መፋቅ መሆኑ ተገለጠልን።

ብዕሩን አስቀምጠን፣ እንደማንኛውም ሰው ተፈትነን ውጤታችንን ለማየት እንደምንሻ በትሕትና ነገርናቸው። ኃላፊው ፈገግ ብለው «እንደ ወደድህ» አሉ። አጎታችን ግን እስከ ታክሲው ድረስ ቃል አልተነፈሱም፤ ከዚያም «አሳፈርኸኝ» አሉን። በዚህ ነገር ከእርሳቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተኳርፈናል።

ውጤቱ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ እኛም ጓደኛችንም አላለፍንም። አንደኛ የወጣችው የማናውቃት ወጣት ነበረች። በሰሌዳው ዙሪያ የቆመው ሁሉ ወዲያው «የማን ልጅ ናት?» እያለ ተንሾካሾከ። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ከእኛም አፍ ወጥቷል። ቆየት ብሎ ከዚህችው ወጣት ጋር በሥራ ምክንያት ተዋወቅን፤ ይህንንም አንሥተን ይቅርታ ጠየቅናት። «እኔ በዚህ ከተማ ማንንም አላውቅም፤ ለፈተናው ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ሳነብ ነው የቆየሁት» አለችን። «ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማን ዘመድ እንደ ሆንሁ የሚጠይቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም።»

ይህን በሰማን ጊዜ የደጅ ጥናትን ትልቁን ጉዳት ተረዳን። አማላጅ የሚጎዳው ቦታውን የተነጠቀውን ሰው ብቻ አይደለም፤ በላቡ ያገኘውንም ሰው ክብሩን ይነጥቀዋል። አማላጅነት በበዛበት አገር በእውነተኛ ችሎታ ያለፈ ሰው እንኳ ተጠርጣሪ ሆኖ ይኖራል። በአማላጅ የገባውማ ቀድሞውኑ ነጻ አይደለም፤ ያስገባው ሰው አንድ ቀን «እንዲህ ያለች ወረቀት ፈርምልኝ» ያለው እንደ ሆነ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም።

ፈላጊው ምን ያድርግ?

ታዲያ ሹመት መፈለግ፣ ዕድገት መመኘት ነውር ነውን? አይደለም። ሁሉም ሰው ቤቱ ቢቀመጥ መንግሥት በማን ይሠራል? መፈለጊያው መንገድ ግን ይለያያልና ከትንሽ ልምዳችን የሚከተለውን እንመክራለን።

በመጀመሪያ፣ ፈላጊው የቆመበት በር ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ይለይ። የፖለቲካ ሹመት የሚመኝ በአደባባይ ይግባ፤ የሚያምንበትን ፓርቲ ይምረጥ፣ ለምርጫ ይወዳደር፣ ወይም በሙያው ይጻፍ፣ ያስተምር፣ ጥናት ያቅርብ፤ ሥራው ይናገርለት። የሙያ ሥራ የሚሻ ግን የፖለቲከኛን ደጅ ባይረግጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያን ማንበብ ራሱ ሙያ ነው። የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ አብሮ የሚቀርበው ማስረጃ በትክክል ይታይ። አንድ ወረቀት በመጉደሉ ብቻ ከውድድር የወጣ ብቁ ሰው ስንት ነው! ማመልከቻውም አጭርና እውነተኛ ይሁን። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ወንጀል መሆኑን፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ተቆፍሮ እንደሚወጣ ማንም አይርሳ።

ሦስተኛ፣ ለፈተና ሲዘጋጅ የትምህርት ቤት ደብተሩን ብቻ አያገላብጥ። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመበትን አዋጅ ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ፈልጎ ያንብብ። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደ ሆነ ሳያውቅ «ልሥራበት» ብሎ የሚቀርብ ብዙ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በቃል ፈተና ጊዜ ከሌሎች ለይቶ ይታያል።

አራተኛ፣ ምስክርንና አማላጅን አንዳያምታታ። ምስክር ማለት ያስተማረህ መምህር ወይም ያሠራህ አለቃ ነው፤ ስሙን ጽፎ ፈርሞ ስለ ሥራህ ይናገራል፤ የጻፈውንም ማንም ሰው ቢያነበው አያፍርም። አማላጅ ግን በስልክ፣ በጆሮ፣ በስውር ስለ ዝምድናህ ይናገራል። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ መለኪያ ይበቃል። «ይህ ቃል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ አፍራለሁ ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።

አምስተኛ፣ ተበድያለሁ የሚል ዝም ብሎ አይመለስ፤ በሐሜትም አይብከን። ቅሬታውን በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርብ፤ መልስ ካጣ ወደ በላይ አካል ይሂድ። የአስተዳደር በደልን የሚሰማ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ቅሬታ በወረቀት ሲሰፍር መዝገብ ይሆናል፤ ሐሜት ግን ከሻይ ቤት አይወጣም።

በመጨረሻ አንድ ቃል ገና በወጣትነታቸው ወንበር ለያዙ ጓደኞቻችን አለን። ነገ ማስታወሻ የያዘ ዘመድ ወደ እናንተ ይመጣል፤ የሚያፍር አጎትም ይኖራል። ያን ጊዜ አትቆጡ፤ አታዋርዱም። እርሱ የሚያውቀው መንገድ ያ ብቻ ነውና። ማስታወቂያውን አሳዩት፤ የመመዝገቢያውን ቀን ንገሩት፤ ልጁን እንዴት እንደሚዘጋጅ ምከሩት። እንዲህ የተደረገለት ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ በዚያው ላይ ከእርሱ በኋላ በሰልፍ የቆመው ልጅ አይበደልም።

አገራችን አንድ ሰው ሲሾም «ሹመት ያዳብር» ብላ ትመርቃለች። እኛ ይህን ምርቃት በልባችን ስናወጣው ስናወርደው፣ የሚዳብረው ወንበሩ ሳይሆን ሰውየው እንደ ሆነ ይሰማናል። በአማላጅ የመጣ ሹመት ግን የሚዳብርበት መሬት የለውም፤ ሥሩ በሌላ ሰው ግቢ ነውና። አጎታችን ባለፈው በዓል ታርቀውናል። ታናሽ እኅታችን በዚህ ዓመት ትመረቃለች፤ ስለ እርሷ ሥራ ሲነሣ «ሰው አላት ወይ?» ሊሉ ከጀመሩ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ማስታወቂያው የሚወጣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ቀኑን ነገርናቸው።